ባለረጅም አፍንጫው ጥላ፦ የጌንስቡርግ ፊልም የጉዳይ ጥናት

የዘፋኝ ሕይወት ታሪክ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ አካሄዱ ይታወቃል። ድሃ ልጅነት አለ፣ ድንገት የሚመጣ ዝና አለ፣ መጠጥ አለ፣ ፍቺ አለ፣ በመጨረሻም መድረክና ጭብጨባ። ዳይሬክተሩ ዓመት እየቆጠረ ይሄዳል፣ ተዋናዩ ድምፅ ይኮርጃል፣ ተመልካቹም የሚያውቀውን ነገር ደግሞ አይቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ዛሬ የምጽፍበት ፊልም ይህን ሁሉ ትቶ ሌላ መንገድ ይዟል። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ሌላ ፊልም ያልደረሰበት ድረስ ወስዶታል። ሌላ ቦታ ላይ ግን ያስቆጣኛል። ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ፊልሙ «ጌንስቡርግ፦ የጀግንነት ሕይወት» ይባላል። ፈረንሳይ ውስጥ ለእይታ የበቃው በጃንዋሪ 2010 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የሠራው ዦአን ስፋር ነው። ስፋር ከዚያ በፊት አንድም ረጅም ፊልም አልሠራም። ሰው የሚያውቀው በኮሚክስ ሠዓሊነቱ ነው፤ አልጄርስ ውስጥ ስለሚኖር ረቢና ስለሚናገር ድመቱ በሣላቸው መጻሕፍት ትልቅ ስም አለው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም ፊልሙ ከላይ እስከ ታች የሠዓሊ ፊልም ነው።

ባለታሪኩን ለማያውቅ ትንሽ ልበል። ሰርዥ ጌንስቡርግ የመድረክ ስሙ ነው፣ ሲወለድ የወጣለት ስም ሉስየን ጊንስቡርግ። ኤፕሪል 2 ቀን 1928 ፓሪስ ተወለደ። ወላጆቹ ከያኔው የሩሲያ ግዛት ሸሽተው የመጡ አይሁዳውያን ነበሩ። አባትየው በየምሽት ክበቡ ፒያኖ እየተጫወቱ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ሉስየን ግን ልቡ ሥዕል ላይ ነበር። ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሠዓሊ እሆናለሁ ብሎ ታገለ፣ አልሆን ሲለው አብዛኛውን ሥራውን በገዛ እጁ አጠፋው። በ1958 የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። እዚያ ላይ ያለው ታዋቂ ዘፈን ስለ አንድ የሜትሮ ሠራተኛ ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ከመሬት በታች ቆሞ ትኬት ሲበሳ ይውላል፣ በመጨረሻም ራሱን ስለ መግደል ያስባል። ፖፕ ሙዚቃ ላይ እንዲህ ያለ ጨለማ ይዞ የመጣ ሰው ብዙ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ። በ1965 ወጣቷ ዘፋኝ ፍራንስ ጋል የሱን ዘፈን ይዛ ለሉክሰምበርግ ዩሮቪዥን የተባለውን የአውሮፓ የዘፈን ውድድር አሸነፈች። በ1967 ከፊልም ተዋናይቷ ብሪዢት ባርዶ ጋር በፍቅር ወደቀ፣ አብረውም ዘፈኑ። በ1968 ፊልም ሲሠራ እንግሊዛዊቷን ተዋናይ ጄን በርኪንን አገኘ። በ1969 ከሷ ጋር ያወጣው የፍቅር ዘፈን፣ ያው የትንፋሽ ድምፅ ያለበት፣ በብዙ አገር ሬዲዮ ታገደ፣ ቫቲካንም አወገዘው፣ እንግሊዝ ውስጥ ግን አንደኛ ወጣ። በ1979 የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙር በሬጌ ዘፈነው። በ1984 በቀጥታ የቴሌቪዥን ሥርጭት የ500 ፍራንክ ኖት አቃጠለ፣ ግብር ምን ያህል እንደሚበላበት ለማሳየት። ማርች 2 ቀን 1991 በ62 ዓመቱ ሞተ። ፕሬዚዳንት ሚትራን ከታላላቆቹ ገጣሚዎች ከቦድሌርና ከአፖሊኔር ጋር አስተካክለው አሞገሱት።

እንግዲህ ይህን ሰው እንዴት ነው ፊልም የምታደርገው? ችግሩ ብዙ ነው። አንደኛ፣ ጌንስቡርግ ዕድሜውን ሙሉ ስለራሱ ታሪክ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ የሚናገረው ነገር የቱ ጋ እውነት እንደሆነ፣ የቱ ጋ ያሳመረው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ፊልሙ ሲሠራ በርኪንም ባርዶም ልጆቹም በሕይወት ነበሩ። ሦስተኛ፣ ፈረንሳዮች ፊቱን እንደ ቅርብ ዘመዳቸው ነው የሚያውቁት፤ ጆሮው፣ አፍንጫው፣ ሲጋራው፣ ያልተላጨ ጢሙ። ስፋር መጀመሪያ አባቷን ወክላ እንድትጫወት የጠየቀው የጌንስቡርግን የገዛ ልጅ ሻርሎትን ነበር። አሰበችበት፣ ከዚያ ከበዳትና ተወችው። ቦታውን ያገኘው ኤሪክ ኤልሞስኒኖ ነው፣ ከቲያትር ቤት ውጭ ብዙም የማይታወቅ ተዋናይ።

ስፋር የወሰነው እንዲህ ነው። ሥራውን የሕይወት ታሪክ አላለውም፣ ተረት ብሎ ጠራው። በመጨረሻም ለተመልካቹ በግልጽ ይነግረዋል፦ ጌንስቡርግን በጣም ስለሚወደው ወደ እውኑ ዓለም ሊመልሰው አይፈልግም፣ የሚስበውም ውሸቱ እንጂ እውነቱ አይደለም። ውሳኔው ድፍረት ነው። ሰነፍ ውሳኔም ሊሆን ይችል ነበር፣ «ተረት ነው» ብሎ የፈለጉትን ማድረግ ቀላል ነውና። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ግን ስንፍና እንዳልሆነ ያሳያል።

እስቲ የፖስተሩን ነገር ልንገራችሁ። ጊዜው ጀርመኖች ፓሪስን የያዙበት ነው። በሴፕቴምበር 1941 ከተማው ውስጥ ስለ አይሁዳውያን የጥላቻ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር፣ ማስታወቂያው በየግድግዳው ተለጥፎ። ፊልሙ ላይ ትንሹ ሉስየን፣ ኬሲ ሞቴ ክላይን የሚባል ድንቅ ልጅ ነው የሚጫወተው፣ መንገድ ላይ እንዲህ ካለ ፖስተር ፊት ይቆማል። ፖስተሩ ላይ አስቀያሚ፣ ግዙፍ የአይሁዳዊ ጭንቅላት ተስሏል። ልጁ ያየዋል። ከዚያ ጭንቅላቱ ከግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ እጅና እግር ያወጣል፣ ልጁንም ይከተለዋል።

የሚገርመው ልጁ አለመሸሹ ነው። ይጫወትበታል። አብሮት ይጨፍራል። ጠላት ሊያዋርደው የሳለውን ሥዕል ወስዶ የራሱ ጓደኛ ያደርገዋል። የልጆች መጽሐፍ የመሰለ ትዕይንት ነው፣ ግን እኔ ስለ ጥላቻ ፕሮፓጋንዳ ካየኋቸው ፊልሞች ውስጥ አንድ ልጅ ስለራሱ መልክ የሚነገረውን እንዴት እንደሚውጠው ይህን ያህል ያሳየኝ የለም። አይሁዳውያን ልብሳቸው ላይ እንዲለጥፉት የታዘዘው ቢጫ ኮከብ በተያዘችው ፈረንሳይ ግዴታ የሆነው በጁን 1942 ነው፣ ሉስየን 14 ዓመቱ ነበር። ፊልሙ ላይ ኮከቡን ለመውሰድ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው፣ ደረቱን ነፍቶ። እውነተኛው ጌንስቡርግም ከዓመታት በኋላ በ1975 ዘፈኑ ላይ ያንን ኮከብ ከሸሪፍ ኮከብ ጋር አመሳስሎታል። ቤተሰቡ በኋላ ከፓሪስ ሸሽቶ ገጠር ተደበቀ። ራሱ ሲያወራ እንደነበረው፣ ፍተሻ ሲመጣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ መጥረቢያ አስይዞ ጫካ ልኮታል፣ የእንጨት ቆራጭ ልጅ ነኝ እንዲል።

ልጁ ሲያድግ ጭንቅላቱም አብሮ ያድጋል። ቀጭን፣ ረጅም ጣት ያለው፣ አፍንጫው እንደ ጩቤ የሾለ፣ ጆሮው የገነነ ፍጡር ይሆናል። ጭምብሉን የሠሩት ለሌላ ፊልም በሜካፕ ኦስካር የወሰዱ የስፔን ባለሙያዎች ናቸው፣ ውስጡ ሆኖ የሚጫወተው ደግሞ አሜሪካዊው ዳግ ጆንስ። ይህ ፍጡር ጌንስቡርግ በፈራ ቁጥር ይመጣል። ሥዕሉን ተው፣ ሙዚቃ ላይ በርታ ይለዋል። ሴት ፊት ሲቀርብ ከኋላው ይቆማል። ሌሎች ሰዎች አያዩትም፣ እኛ ግን እናየዋለን፣ አንድ ሰው ለምን በራሱ ላይ እንደሚቀልድና ለምን እንደሚሳደብ፣ ለምን ሌላው ሳይቀድመው ራሱን አስቀያሚ እንደሚል ያለምንም ማብራሪያ ይገባናል። ተራ ፊልም ቢሆን ይህንን የሚያስረዳ የሥነ ልቦና ሐኪም ያስገባ ነበር።

ኤልሞስኒኖም ከዚህ ተጠቅሟል። ፍርሃቱንና ትዕቢቱን ጭምብሉ ስለተሸከመለት እሱ ረጋ ብሎ መጫወት ይችላል። ትከሻውን ሰብሰብ ያደርጋል፣ ጭሱን በአፍንጫው ይለቃል፣ ዓይኑን ይሰብራል። መኮረጅ አይታይበትም። ዘፈኖቹንም ተዋናዮቹ ራሳቸው ናቸው የዘፈኑት፣ ቅጂውን አላጫወቱብንም።

ገድል ሲነበብ ሰምቶ ያደገ ሰው ይህን ዓይነት አተራረክ ለመቀበል አይቸገርም። እዚያም ሰይጣን ሥጋ ለብሶ መጥቶ ከጻድቁ ጋር ይሟገታል፣ አውሬው ይናገራል፣ አንባቢም ቀኑ ስንት ነበር ብሎ አይጠይቅም። ግን ገድል ሁልጊዜ ከጻድቁ ጎን ይቆማል። በመንገዱ ላይ የሚያገኛቸው ሰዎች ወይ ይፈትኑታል ወይ ይመሰክሩለታል። የራሳቸው ታሪክ የላቸውም። የስፋርም ፊልም ከአንድ ሰዓት በኋላ ልክ እዚህ ጋ ነው የሚሰናከለው።

ሴቶቹን ተመልከቱ። ዘፋኟ ዡልዬት ግሬኮ (አና ሙግላሊስ) በሻማ ብርሃን እንደ ጥቁር ድመት ትዞራለች። ብሪዢት ባርዶ (ላቲሲያ ካስታ) ረጅም ቦት ጫማ አድርጋ፣ ውሻ ይዛ፣ ኮሪደሩን አቋርጣ ትመጣለች፣ ቆይቶም አንሶላ ተጠቅልላ ትጨፍራለች። ካስታ ጎበዝ ናት፣ ሴዛር ለተባለው የፈረንሳይ የፊልም ሽልማትም ታጭታበታለች። ግን ባርዶ ምን ትፈልግ ነበር? ትዳር ላይ ነበረች፣ ያንን የትንፋሽ ዘፈን መጀመሪያ ከሱ ጋር የቀዳችው እሷ ናት፣ ወሬው ሲወጣ እንዳይለቀቅ ለምናው ቅጂው እስከ 1986 ተቀምጧል። ፊልሙ ላይ እንደ ሕልም መጥታ እንደ ሕልም ትሄዳለች።

የፍራንስ ጋልን ጉዳይ በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህ ለኔ ትልቁ ክፍተት ነው። በ1966 ጌንስቡርግ ስለ ከረሜላ የሚመስል ዘፈን ሰጣት። ዕድሜዋ 18 ነበር። ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው፣ አንዱ የልጆች፣ ሌላው የወሲብ። እሷ አልገባትም ነበር። ደስ ብሏት በቴሌቪዥን ዘፈነችው፣ ዙሪያዋ ያለው አዋቂ ሁሉ እያወቀ። በኋላ ሲገባት አፈረች፣ እንደተከዳች ተሰማት፣ ያንን ስሜትም ደብቃ አላለፈችም። ፊልሙ ውስጥ የፍራንስ ጋል ትዕይንት አጭርና ፈገግ የሚያሰኝ ነው። እዚህ ጋ ነው የምቆጣው። ዳይሬክተሩ አንድ ልጅ በሌሎች ዓይን ሲዋረድ ምን እንደሚሰማው ለማሳየት ግዙፍ ጭንቅላት ከግድግዳ አውርዷል፤ ያው ልጅ አድጎ ሌላዋን ልጅ በአደባባይ ሲያዋርዳት ግን ሥዕሉ ጠፋበት።

ስለ ሻርሎትም እንዲሁ። በ1984 ጌንስቡርግ ከልጁ ጋር ዘፈን ቀዳ። ሻርሎት ገና 13 ዓመት ገደማ ነበረች። ርዕሱ ራሱ በአባትና በልጅ መካከል ያለን የተከለከለ ነገር የሚጠራ ነው፣ ዜማው ከሾፓን የተወሰደ። ያኔም ቁጣ አስነሥቷል። ሻርሎት አድጋ አባቷንም ዘፈኑንም ስትከላከል ነው የኖረችው፣ ይህን መብቷን አከብራለሁ። ፊልሙ ግን ነገሩን አይነካውም። የመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት በጥድፊያ ያልፋሉ። መጠጡ አለ፣ የመጨረሻ ፍቅረኛው ባምቡ አለች፣ ጥያቄው የለም።

ሌላም ያልተነካ ነገር አለ፣ እሱን የማነሣው አፍሪካዊ ስለሆንኩ ነው። በ1964 በከበሮ የታጀበ አልበም አውጥቷል። እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ከዘፈኖቹ ሦስቱ ከናይጄሪያዊው ባባቱንዴ ኦላቱንጂ፣ አንዱ ደግሞ ከሚሪያም ማኬባ ሥራ የተወሰዱ ሲሆን ስማቸው ሳይጠራ በጌንስቡርግ ስም ወጡ። ውሸቱን እወዳለሁ ለሚል ፊልም ከዚህ የተሻለ ርዕስ የት ይገኛል?

ፊልሙ ጥንካሬውን መልሶ የሚያገኘው በሬጌው ምዕራፍ ነው። በ1979 ጌንስቡርግ ጃማይካ፣ ኪንግስተን ሄዶ ከሬጌ ሙዚቀኞቹ ከስላይና ሮቢ ጋር አልበም ቀዳ፣ ከኋላ የሚያጅቡት ሦስቱ ሴቶች ሪታ ማርሌይ፣ ማርሻ ግሪፊትስና ጁዲ ሞዋት ነበሩ። ይህችው ሪታ ናት በፌብሩዋሪ 2005 መስቀል አደባባይ ለቦብ ማርሌይ 60ኛ ዓመት ኮንሰርት ያዘጋጀችው፤ አዲስ አበባ ያንን ቀን የሚያስታውስ ብዙ ሰው አለ። የራስታዎቹ ድምፅ ብሔራዊ መዝሙሩን፣ ማርሴዬዝን፣ ሲያጅብ ፈረንሳይ ተናወጠች። ሚሼል ድሯ የተባለ ጸሐፊ ፊጋሮ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ጌንስቡርግ በሥራው በአይሁዳውያን ላይ ጥላቻ እንዲነሣ ምክንያት ይሆናል አለ። ልብ በሉ፣ በልጅነቱ ኮከብ የለጠፈ ሰው ነው እንዲህ የሚባለው።

ጃንዋሪ 4 ቀን 1980 ስትራስቡርግ ላይ ኮንሰርት ነበረው። በመዝሙሩ የተቆጡ የቀድሞ አየር ወለዶች አዳራሹ ገቡ። የቦምብ ማስፈራሪያ ስለነበር ሙዚቀኞቹ መድረክ አልወጡም። ጌንስቡርግ ብቻውን ወጣ። ለመዝሙሩ የመጀመሪያ ትርጉሙን የመለስኩለት እኔ ነኝ አለ፣ ከዚያ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አንሥቶ ያለ ምንም መሣሪያ ዘፈነው፣ ቃሉን ሳይቀይር። አየር ወለዶቹ መዝሙር ነውና ተጠንቀቅ ከመቆም ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ይህ የተቀረጸ እውነተኛ ክስተት ነው፣ ቪዲዮው አለ። በ1981 ደግሞ የመዝሙሩን የእጅ ጽሑፍ በጨረታ ገዛው፣ 135,000 ፍራንክ።

ስፋር ይህን ሲያሳይ ብዙ አልጨመረበትም፣ ጥሩ አደረገ። ፖስተሩን ስላየን ይበቃል። ያ ልጅ ማን እንደሆነ፣ «ይህ መዝሙር ያንተ አይደለም» ሲሉት ምን እንደሚሰማው እናውቃለን።

ፊልሙ በሴዛር ሽልማት ጥሩ ቀን ነበረው። በ2011 ምርጥ የመጀመሪያ ፊልም፣ ምርጥ ተዋናይና ምርጥ ድምፅ ወሰደ። ጄን በርኪን ሆና የተጫወተችው ሉሲ ጎርደን ግን ይህን አላየችም። ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት፣ በሜይ 2009፣ ገና በ28 ዓመቷ አረፈች። ሥራው ለእሷ መታሰቢያ ተደርጓል። ከሴቶቹ ሁሉ ሰው የሆነችው የእሷ በርኪን ናት እላለሁ። ትስቃለች፣ ትደክማለች፣ የሰውየው መጠጥ ሲበዛ ልጆቿን ይዛ ትወጣለች። ሌሎቹንም እንዲህ ማሳየት ይቻል እንደነበር የምታስመሰክረው እሷ ናት።

የሰውየው ጉዳይ ዛሬም አልተዘጋም። ቬርኔይ ጎዳና ላይ ያለው ቤቱ በሴፕቴምበር 2023 ለሕዝብ ተከፈተ፣ ያስከፈተችው ሻርሎት ናት። በጁን 2024 ደግሞ ፓሪስ አጠገብ ሊላ ላይ፣ ያ ትኬት የሚበሳው ሠራተኛ በተዘፈነለት አካባቢ፣ በስሙ የሜትሮ ጣቢያ ተመረቀ። ከምረቃው በፊት ስሙ እንዲቀየር የጠየቀ ፊርማ ተሰብስቦ ነበር፣ ምክንያቱ ሴቶችን የያዘበት መንገድና ከልጁ ጋር የዘፈነው ዘፈን። ፈራሚዎቹ ያነሡት ፊልሙ የዘለለውን ነገር ነው።

ፊልሙን ያላያችሁ እዩት። ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፣ የመጀመሪያው ሰዓት ብቻውን ጊዜያችሁን ይክሳል። ከዚያ ሻርሎት በ2021 ስለ እናቷ ስለ ጄን በርኪን የሠራችውን ዘጋቢ ፊልም ፈልጉ። እዚያ እናትና ልጅ አብረው ወደዚያው ቤት ይገባሉ፣ ስለ ሰውየውም ስለራሳቸውም በራሳቸው አንደበት ያወራሉ። በርኪን በጁላይ 2023 ሞታለችና ድምፅዋን እዚያ መስማቱ ዋጋ አለው። ሁለቱን በዚህ ቅደም ተከተል ብታዩ ነው የምመርጠው።